ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ክንፍ

ፓስተር ሉተር እስክሪብቶ አወጣና፣ «ይህንንማ ነገ በዋረን ቀብር ላይ መናገር አለብኝ» አለ።

ታሪኩን ያወራችው ሁለት ቤት አልፋ የምትኖረው ኦፓል ናት። ባሏ ዴል በልምምድ አውሮፕላን ተከስክሶ የሞተው፣ ጓደኛው ዋረን ወደ ጨረቃ ሊሄድ ዓመት ሲቀረው ነው። ከዴል የደንብ ልብስ ደረት ላይ የተነቀለችውን አውራ ጣት የምታህል የአብራሪነት ምልክት፣ የብረት ክንፍ፣ ለዋረን ሰጠችው፤ እሱም እዚያው ጨረቃ ላይ ትቶላት መጣ። ከዚያ ወዲህ ጨረቃ በሞላች ቁጥር በረንዳ ላይ ወጥታ ባሏን ደህና እደር ትለዋለች።

የዋረን ሚስት ቬርና ጎረቤት ያመጣውን የተጋገረ ማካሮኒ ስትቆርስ ሰማች። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ።

ሳሎን ውስጥ የድሮ ባልደረቦቹ ዋረንን እያነሱ ይስቃሉ። አንዱ፣ ሰውየው ሚስቱን መሳምን እንኳ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጽፍ ነበር አለ። ሐሰት አልነበረም። ጨረቃ ላይም እጅጌው ላይ የታሰረች ትንሽ ደብተር ነበረችው፤ በየደቂቃው የሚሠራው ተጽፎባታል። ቆፍር፣ ድንጋይ አንሳ፣ ፎቶ አንሳ። የተጻፈውን አንድም ሳያስቀር ሠራ። ክንፉ ግን የሁለት ቤት ምስጢር ስለሆነ አልተጻፈም።

ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያቸው ተሰብስቦ ሥጋ ጠበሰለት። ኦፓል ሁለት እጁን ይዛ የት እንዳስቀመጠው ጠየቀችው። ዋረን ሰዉን አየ፤ ከዚያ፣ «ከአንድ ድንጋይ ሥር፣ ፊቱን ወደ ምድር አዙሬ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ቬርና ክንፉን ጨረቃ ድረስ ይዞት ከሄደው ትንሽ የግል ከረጢት ውስጥ አገኘችው። ዋረን የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «አልተጻፈም ነበር» ብቻ አለ። ጣይው አላት። አልጣለችውም። ነገ እነግራታለሁ ሲል ዓመት አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ነገ ማለቱንም ተወ። ትምህርት ቤቶች ንግግር እንዲያደርግ ሲጠሩት እምቢ ይላል። ጋዜጦች ትሑት አሉት። ቬርና ግን ትሕትና እንዳልሆነ ታውቃለች።

አሁን ፓስተሩ እየጻፈ ነው።

«ፓስተር፣ እሱን አይናገሩት» አለች።

«ለምን፣ ወይዘሮ ቬርና? ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።»

ኦፓል ቅር ብሏት አየቻት። «የዴል ስም ቢነሳ ምን ይጎዳሻል?»

ቬርና ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ ስትመለስ ክንፉን በኦፓል መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ረሳው» አለች። «አፈረና ዋሸሽ። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ኦፓል መዳፏን ወደ ዓይኗ አቀረበች።

«የት ነበር?»

«መሳቢያዬ ውስጥ። ከልብስ ቁልፎች ጋር።»

«እና እኔ በረንዳ ላይ አንጋጥጬ ሳወራ… ታዪኝ ነበር?»

«አይሽ ነበር። መጋረጃውን እዘጋለሁ።»

ፓስተሩ የጻፈውን ሰርዞ እስክሪብቶውን ከደነ። ከባልደረቦቹ አንዱ መኪናዬን ልይ ብሎ ወጣ። ቬርና ኦፓል ተነስታ እስክትሄድ ጠበቀች፤ ብትሄድ በቀለላት።

ኦፓል አልሄደችም። ክንፉን በቀሚሷ ኮሌታ ላይ ልትሰካ ሞከረች። መርፌው ከኋላ አልቆለፍ አላት። ሁለቴ ሞከረች፤ ሦስተኛው ላይ እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ።

ቬርና ሄዳ ከፊቷ ተንበረከከችና ክንፉን ከእጇ ወሰደች። ኦፓል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ግን መርፌው እንዲገባላት ኮሌታውን ከአንገቷ ራቅ አድርጋ ያዘችላት።