በባህል የቀለለ ቅጣት

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሊቀመንበር ጓድ ሞገስ ስለ ብሔረሰቦች ባህል የሦስት ቀን ሴሚናር ተካፍሎ ከተመለሰ ወዲህ በተከሳሽ ሁሉ ላይ ባህል ይታየው ጀመር። ሐዋሳ ዘጠኝ ዓመት ሲኖር ስለ ሲዳማ ባህል አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ጎጃሜ ነው። አሁን ግን የተማረውን ሥራ ላይ የሚያውልበት ጉዳይ እንደናፈቀ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጠምደው ማቴዎስ የሚስቱን የሮማንን የእጅ አንጓ በመቅዘፊያ ሰብሮ ቀረበለት።

«ለምን መታሃት?»

ማቴዎስ ወደ ጣሪያው አየ። «ባህላችን ነው፣ ጓድ። በእኛ ዘንድ ባል ሚስቱን ይገሥጻል።»

የሞገስ ፊት በራ። እስክሪብቶውን አነሣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አለች ሮማን፣ የተሰበረ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ «ባህላችን ይህ መሆኑን ከማን ጠየቁ?»

«ከራሱ ከተከሳሹ ነዋ። ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?»

«እኔም እኮ የዚያው አገር ሰው ነኝ።»

«አንቺማ ተበዳይ ነሽ፤ ታዳያለሽ።»

ውሳኔው ተነበበ፦ ድርጊቱ ከባህል የመነጨ ስለሆነ የሦስት ወር እስራቱ ቀርቶ ተከሳሹ በማስጠንቀቂያ ይለቀቅ፤ ሚስትም ወደ ትዳሯ ትመለስ።

«ሁለተኛው እጄ እስኪሰበር ነው?» አለች ሮማን። ማኅተም ያለበት ግልባጭ ጠይቃ ተቀበለችና ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ እናቷ መንደር ሄደች።

በአራተኛው ቀን ማቴዎስ እያለከለከ ሸንጎው ገባ። አርባ ሴቶች በትር በትራቸውን ይዘው፣ እየዘፈኑ መጥተው የቤቱ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። ሙክት አርዶ፣ ተንበርክኮ፣ ሁለተኛ እጁን ላያነሣ ካልማለ አንነሣም ብለዋል።

«ያልተፈቀደ ስብሰባ!» አለ ሞገስ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ብዙ ሰው አሳስራለች። ሴቶቹ ባስቸኳይ እንዲቀርቡ አዘዘ።

ቀረቡ፤ አርባዎቹም፣ ሮማንም አብራ። አዳራሹ አልበቃቸው ስላለ የቀሩት በመስኮቶቹ ሥር በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። መሪያቸው እማማ ብርቅዬ የሮማንን ግልባጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ባህል ቅጣት ያቀላል ይላል፣ ልጄ። የኛም ባህል ነው፤ ያካ እንለዋለን። ሚስቱን ያጎሳቆለ ወንድ ደጅ ላይ ሴቶች ተሰብስበው ይፈርዱበታል። ከቅድመ አያቶቻችን የመጣ ነው።»

«ይህ በሴሚናሩ ላይ አልተነሣም።»

«ሴሚናሩ ላይ ሴት ነበረች?»

ሞገስ አሰበ። «ሻይ የምታቀርብ ነበረች።»

ከዚያ በተስፋ ወደ ማቴዎስ ዞረ። «እውነት ይህ ባህላችሁ ነው?»

ማቴዎስ መስኮቱን አየ። በእነዚያ በትሮች ፊት የዋሸ ወንድ ደግ ነገር እንደማያገኘው ከልጅነቱ ሰምቷል።

«ነው፣ ጓድ።»

«ሚስት መምታቱስ?»

«እሱ እንኳ… የአባቴ ነው።»

በመስኮቱ ሳቅ ገባ። ሞገስ ሁለቱን መንገድ መዘነ። የፊተኛውን ውሳኔ ቢሽር ለበላይ አካል ግለ ሂስ መጻፉ ነው፤ ሴቶቹን ቢያስር ደግሞ የገዛ ማኅተሙ ፊቱ ተዘርግቷል። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ፤ የፊተኛውን ቃል በቃል ገልብጦ ስም ብቻ ለወጠ፦ ድርጊቱ ከባህል የመነጨ ስለሆነ ተከሳሾቹ በማስጠንቀቂያ ይለቀቁ።

«ተለቀው የት ሊሄዱ ነው?» አለ ማቴዎስ።

«ደጅህ ነዋ፤» አለች ሮማን፣ ይህንንም ግልባጭ ለመቀበል ደህናውን እጇን እየዘረጋች።

ሙክቱ በዚያው ዕለት ታረደ። ማቴዎስ በአርባ ሴቶች ፊት ተንበርክኮ ማለ። ሮማን ወደ ቤቷ የገባችው ግን ጄሶዋ ከተፈታ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን የእናቷ ታናሽ እህት አብራት ገብታ፣ ደጃፉ ላይ በትሯን አስደግፋ ወር ሙሉ ከረመች።

ማቴዎስ በማለ በሳምንቱ የሞገስ አገር ልጅ አናጢው ገብረየስ ሚስቱን በጥፊ መትቶ ቀረበ። ሞገስ ደብተሩን ገለጠ።

«ባህል ነው?»

ገብረየስ አስቀድሞ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። እማማ ብርቅዬ ውጭ ጥላ ሥር በትራቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«የለም፣ ጓድ፤» አለ። «ጥፋት ነው።»