ፍሬው እስኪወድቅ

ባሌ ቡን ሊያት ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ይሄን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ደወል ሳይደወል ከወንበሩ የማይነሳ፣ ከተደወለ ደግሞ ለአፍታ የማይቀመጥ ሰው መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በመርከብ ሽርሽር ይዛችሁ ከወጣችሁ ጉዳችሁ ፈላ። ከሲንጋፖር ከተነሳን ጀምሮ ወሬው ሁሉ አንድ ነው፤ ፔናንግ ላይ መርከቡ ስንት ሰዓት ይቆማል፣ ስንት ሰዓት ይነሳል፣ የዘገየ ሰው ምን ይሆናል።

ሽርሽሩን የገዙልን ልጆቻችን ናቸው። ፔናንግ የሚቆመውን መርከብ የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ፣ በአማቴ ምክንያት። አማቴ የፔናንግ ልጅ ናት። ከደሴቱ ጀርባ፣ ከተራራው ማዶ፣ ባሊክ ፑላው በሚባለው አገር ዱሪያን የሚባል ሽታው ኃይለኛ እሾሃም ፍሬ የሚበቅልበት እርሻ ውስጥ ነው የተወለደችው። በልጅነቷ ተድራ ሲንጋፖር መጣች፣ ቡን ሊያት ልጅ ሳለም በፍሬው ወቅት እዚያ ይዛው ትሄድ ነበር፤ አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷም አእምሮዋም ተባብረው ደክመዋል። አውሮፕላን ውስጥ "በሩን ክፈቱልኝ፣ ልውረድ" እያለች ስለምትጮህ አይሞከርም። ረጅሙን የአውቶቡስ መንገድ ወገቧ አይችልም። መርከቡ ግን ተስማማት። ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ባሕሩን ስታይ ትውላለች፣ አንዳንዴም የሚያልፈውን አስተናጋጅ ሁሉ "ልጄ፣ በልተሃል?" ትላለች።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። አማቴ ከየካቲቱ አዲስ ዓመታችን ወዲህ ልጇን አታውቀውም። እኔን ታውቀኛለች፤ "ጌክ ኔዮ፣ ሾርባው ላይ ጨው አበዛሽ" ብላ በስሜ ትቆጣኛለች። ልጆቻችንንም አልፎ አልፎ ትለያቸዋለች። እሱን ግን፣ አንድ ልጇን፣ አንድ ቀን ሐኪም ታደርገዋለች፣ አንድ ቀን መብራት ሊጠግን የመጣ ሰው። "ማን ነህ አንተ?" ባለችው ቁጥር ፈገግ ብሎ ስሙን ይነግራታል፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ይከፍተዋል። እኔም ያልሰማሁ መስዬ ሳህን አጥባለሁ።

ያደገችበት ቦታ ብትደርስ ትለየው ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረን። ሁለታችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም እንጂ።

መርከቡ ፔናንግ በገባበት ጠዋት፣ ቁርስ ላይ ክርክሩ ተጀመረ።

"በመርከቡ አውቶቡስ ብንሄድ ነው የሚሻለው" አለ ቡን ሊያት። "የነሱ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። በራሱ የሄደ ሰው ቢዘገይ ግን ቻው ነው፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጥሎት ይሄዳል።"

"አውቶቡሱ ባሊክ ፑላው ይሄዳል?"

"ቤተ መቅደስ ይወስደናል። ከዚያ ደግሞ የቅመም አትክልት ቦታ አለ።"

"እናትህ ቅመም ልትጎበኝ ነው እንዴ የመጣችው?"

"እሺ፣ ታክሲ እንይዛለን።"

"መኪና እንከራይ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ጌክ፣ አንቺ ደግሞ! መሪ ከጨበጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው?"

ይሄስ እውነቱን ነው። መኪናችን አስር ዓመት ሞልቷት ፈቃዷ ሲያበቃ፣ እንደ ሲንጋፖር መኪና ሁሉ ለቁርጥራጭ ብረት ሄደች። ቡን ሊያት ያን ቀን ተከትሏት ሄዶ ሲፈጯት አይቶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ባቡር ነው የምንሳፈረው።

"ጎማ ቢተነፍስስ?" አለ። "ተራራው ጠመዝማዛ ነው፣ ዝናብ ቢመጣስ? መርከቡ ጥሎን ቢሄድስ?"

"ቢሄድስ? ጅብ አይበላን!"

"አንቺ ምን አለብሽ፣ ሁሉም ነገር ቀልድ ነው።"

አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው፤ የሚፈራው ጎማ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። እዚያ ድረስ ሄዶ፣ እናቱ ባደገችበት ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ያኔም ባታውቀው፣ ከዚያ በኋላ ተስፋ የሚያደርግበት ቦታ አይኖረውም። ሳይሄድ ቢቀር ግን ተስፋው ቦታው ላይ ይቆይለታል። አንጀቴን በላኝ፤ ደግሞም አናደደኝ። እኔ ስናደድ ሻይ እጠጣለሁ፤ ሁለት ኩባያ ጠጣሁ።

ከወደቡ በር ወጣን። እሱ የእናቱን ወንበር ይገፋል፣ እኔ ዣንጥላ ይዤ ከጎኗ እሄዳለሁ። አንድ ሸምገል ያለ የታክሲ ሹፌር፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ፊታችን መጥቶ ቆመ።

"ወዴት ናችሁ ጋሼ?"

"ባሊክ ፑላው" አለ ቡን ሊያት።

"አደርሳችኋለሁ።"

"ስንመለስስ?"

"ከተራራው ማዶ ታክሲ አታገኙም፤ ያገኛችሁትም ዛሬ መርከብ ገብቷል ብሎ ወደዚህ ይሮጣል። እኔ ልጠብቃችሁ እችላለሁ። ምን ያህል ትቆያላችሁ?"

ባሌ አፉን ሊከፍት ሲል አማቴ ከወንበሯ ላይ ቀና አለች።

"ፍሬው እስኪወድቅ" አለች።

ሹፌሩ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። "የቱ ፍሬ፣ አክስቴ?"

"የአባቴ ዛፍ ፍሬ ነዋ! ሞኝ ነህ እንዴ?"

ሹፌሩን ሳቅ አፈነው። ፔናንግ ውስጥ ዱሪያን ከዛፍ አይቆረጥም። ሌላ አገር ቆርጠው ያወርዱታል አሉ፤ ይህን ለፔናንግ ሰው ብትነግሩት ግን እናቱን የሰደባችሁ ያህል ፊቱን ያጠቁርባችኋል። ያ እሾሃም ፍሬ ሲበስል በገዛ ፈቃዱ ይወድቃል፣ ሰው ደግሞ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አሁን ይውደቅ፣ ነገ ይውደቅ፣ የሚያውቅ የለም።

"አክስቴ፣" አለ ሹፌሩ "እሱን እየጠበቅኩ እዚያው ሸብቼ ልቅር? ደግሞ ፍሬውን ይዘው እኔ መኪና ውስጥ አይገቡም፤ ሽታው ሳምንት አይለቅም፣ ሚስቴም አታስገባኝም።" ከዚያ ወደ ባሌ ዞረ። "ጋሼ፣ ምክሬን ከሰሙኝ መኪና ይከራዩ። እንዲህ ያለውን ነገር የራስ መኪና እንጂ የሰው ታክሲ አይጠብቀውም።"

ይሄን ብሎ ወደ ሌሎች መንገደኞች ሄደ። ቡን ሊያት እናቱን ያያል። ያቺ አእምሮዋ የደከመ ሴት እንዲህ ነቅታ ሰው ስትሰድብ መስማቱ ነበር። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሳ።

"የኪራዩ ቢሮ በየት በኩል ነው?" አለኝ።

በልቤ እልል አልኩ፤ በአፌ ግን "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጠይቅ" አልኩት። ቶሎ ደስ ካለኝ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ነው።

የኪራይ ቤቷ ልጅ ትንሽ ነጭ መኪና ሰጠችን። መስታወቱ ላይ የዱሪያን ሥዕል ተለጥፎ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። "ጋሼ፣ ይሄን ብቻ አደራ" አለችው። "አደጋ ብታደርሱ እንጠግነዋለን፤ ሽታው ግን መድኃኒት የለውም።"

"እዚያው በልተን ነው የምንመጣው" አለ ባሌ፣ ተማሪ ፊት እንደሚምል ሰው ቀጥ ብሎ።

አማቴ ከፊት ካልተቀመጥኩ አለች፣ እኔ ከኋላ ሆንኩ። ባሌ አነዳዱ አታምጡት ነው! ተራራው ላይ አንድ ሽማግሌ በብስክሌት አለፈን፣ ሲያልፍም ዞር ብሎ አየን። አማቴ ግን የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ "ሹፌር፣ ቀስ በል እንጂ" ትለዋለች።

"እሺ እማ" ይላል።

ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። "ጌክ ኔዮ፣ ይሄ ሹፌር ለምንድን ነው እማ የሚለኝ?"

"ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው" አልኳት። በመስታወቱ ውስጥ የቡን ሊያትን ዓይን አየሁት፤ ወዲያው መንገዱ ላይ ተከለው።

እርሻው አሁን የሱን ቼንግ ነው። ሱን ቼንግ የአማቴ አጎት የልጅ ልጅ ነው፤ እንደምንመጣ ስልክ ደውዬለት ነበር። መንገዱ ድረስ ወርዶ ወንበሯን ከባሌ ጋር ተሸክመው ዳገቱን አወጧት። ዛፉን ማንም አላሳያትም። ከዚያ ሁሉ ዛፍ መካከል ጣቷን ቀስራ "ያውና" አለች። ጠጋ ሲያደርጓት ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ እንደ ላም ጎን መታ መታ አደረገችው።

"አያቴ፣ ሌሊት የወደቀ አለ፤ ላምጣልዎት?" አላት ሱን ቼንግ።

"የሌሊቱን ለነጋዴ ስጠው። እኔ ከዚህ ነው የምበላው።"

"ቀን እምብዛም አይወድቅም እኮ።"

"አንተ ነህ የምታስተምረኝ?"

ሱን ቼንግ ሳቀ፤ ዳሱ ሥር ወንበር ደረደረልን። "ዛፉ ሥር ብቻ እንዳትቆሙ" አለ። "ያ ነገር አናት ላይ ካረፈ ሐኪም አያስፈልግም።"

ተቀመጥን። እንዴት ያለ ጸጥታ መሰላችሁ! ከታች ዶሮ ይንጫጫል፣ ከላይ ቅጠሉ ይንሾካሾካል፣ አየሩ ሁሉ ዱሪያን ዱሪያን ይላል። አማቴ ዓይኗን ከዛፉ ላይ አልነቀለችም። ሱን ቼንግን በአያቱ ስም እየጠራች ስለ ዝንጀሮዎች ታወራዋለች፣ እሱም ነገሩ ገብቶት እንደ አያቱ ይመልስላታል። ባሌ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ይሰማል፤ የሚጠብቀውን እኔ አውቃለሁ። በመጨረሻ ዞር ብላ አየችው።

"ማን ነህ አንተ?"

"ቡን ሊያት ነኝ፣ እማ። ልጅሽ።"

በትዝብት ተመለከተችው። "የኔ ልጅ ትንሽ ነው" አለች። "እንዳንተ ሽበት የለውም።"

ሱን ቼንግ አንገቱን ደፋ። ቡን ሊያት "ልክ ነሽ እማ" ብሎ ተነሳ፣ ጥቂት ራቅ ብሎም ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እዚህ ቧንቧ የለም። ለዚህ ነው እንግዲህ አስጨንቄ ያመጣሁት?

እንደዚያ እንደ ቆመ ጥላው ረዘመ። ሰዓቱን ሲያይ አየሁት፤ ተነስቼ ጠጋ አልኩት።

"ትንሽ እንጠብቅ" አልኩት።

"መሄጃችን ደርሷል፣ ጌክ።"

"ፍሬው ገና ነው እኮ።"

"አየሽ አይደል ራስሽ? በቃ፣ አለቀ። እንሂድ።" ድምፁ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

እሱ ወደ መኪናው የሚያወርደውን መንገድ ይዞ ሄደ፣ እኔ ቦርሳዬን ለማንሳት ወደ ዳሱ ተመለስኩ። መንገዱ በዛፉ ሥር ያልፋል። መሃል ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በኪሱ የመኪናውን ቁልፍ ይፈልግ ጀመር።

ነፋስ ነፈሰ። አማቴ ከወንበሯ ስትነሳ አየሁ። አዎ፣ ያቺ ሁለት ሰው ደግፎ የሚያቆማት ሴት በራሷ እግር ቆመች። ከዚያ ጮኸች፣ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

"አህ ካው! ውጣ ከዛፉ ሥር! አህ ካው!"

ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ባሌ እንደ ጥጃ ዘለለ። ከኋላው ፍሬው መጥቶ መሬቱን ጓ! አደረገው። ከኪሱ ያወጣው ቁልፍ የት እንደ ወደቀ እንኳን አላየም።

አህ ካው ማነው? ይህን ስም በአርባ ዓመት ትዳሬ ውስጥ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። በኛ በሆክየን ቋንቋ ውሻ ማለት ነው። የድሮ ሰዎች ልጅ እየሞተባቸው ሲቸገሩ፣ ክፉ መንፈስ እንዳይመኘው ብለው አስቀያሚ ስም ያወጡለት ነበር፤ አሳማ፣ ውሻ፣ ያገኙትን። አማቴ ከሱ በፊት ሁለት ቀብራለች። ርዕሰ መምህር ባሌ ይሄን ስም ከኔም፣ ከልጆቹም፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪም ደብቆት ኖሯል።

ቡን ሊያት ወደ እናቱ ዞረ። ከዚያ "አቤት እማ!" አለ። እንዲህ ያለ አቤት ሰምቼ አላውቅም፣ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው።

"ና ወዲህ! ስንት ጊዜ ልንገርህ? ጭንቅላትህ ድንጋይ ነው?"

ሮጦ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ሱን ቼንግ ወደ ወንበሯ መለሳት። እሷ የልጇን ጆሮ ይዛለች፣ አልለቀቀችውም።

"ሁለተኛ አልቆምም እማ።"

"ለምንድን ነው የምታለቅሰው? መታህ?"

"አልመታኝም።"

"ታዲያ ዝም በል። አህ ካው፣ የኔ ሞኝ። ና ብላ።"

ሱን ቼንግ ፍሬውን ፈልቅቆ ሰጣት፣ እሷም በጣቷ እያወጣች አጎረሰችው። ባሌ ይጎርሳል፣ ያለቅሳል፣ ይጎርሳል። እኔም የዳሱን ምሰሶ ተደግፌ እንደ ሞኝ አነባሁ።

መርከቡ? ጥሎን ሄደ እንጂ! ሻንጣችን ያለ እኛ ሲንጋፖር ገባ፣ ልጆቻችን በስልክ ጮኹብን፣ ለአማቴ ባቡር ላይ መኝታ እስክናገኝ ድረስም ሱን ቼንግ ቤት ሰነበትን። ግን ያኔ በጊዜው ብንነሳ እንደርስበት ነበር። እኔ ነኝ "ቡን ሊያት፣ ሰዓቱ" ያልኩት። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

"አሁን እኮ ታውቀኛለች" አለኝ በሹክሹክታ። "አሁን እንዴት ነው የምነሳው?"

ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መልሳ እስክትረሳው ድረስ ከዚያ አልተነሳንም።