ጧሪ ያላት እናት

ሚልካ ስትደውል ሰይፈሚካኤል ለምሳ ከፋብሪካው ወጥቶ ዱከም አስፋልት ዳር፣ አንዲት ሸራ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የአዳማዋ ጎረቤታቸው ቁጥር መሆኑን ሲያይ ቶሎ አነሣው። ለእናቱ ካልደወለ ሰንብቷልና ከዚያ በኩል የሚመጣ ስልክ ሁሉ መርዶ ይመስለው ነበር።

«እናትህ ደኅና ናቸው» አለችው ገና ሳይጠይቃት። «ከሴፍቲኔቱ ግን አውጥተዋቸዋል።»

«እንዴት? ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፉም። ልጄ ይጦረኛል ብለው ነው።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ ወይዘሮ አሰለፈች ዕድሜዋን ሙሉ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት። የሆቴሉ ባለቤት ተለዋወጠ፣ እንግዳውማ መቼ ተቆጥሮ፤ እሷ ግን አንሶላ ስታጥብና ስትዘረጋ ኖራ ወገቧ አልታዘዝ አለ። ጡረታ የሚባል ነገር ማን አስቦላት። ወገቧ የያዛት ሰሞን «ምሕረቱን ያውርድልሽ» ብለው ሸኟት፣ በቃ። ከዚያ ሴፍቲኔት መጣ። መሥራት ለማይችሉና ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን በየወሩ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል ተባለ። ሚልካ እጇን ይዛ ቀበሌ ወስዳ አስመዘገበቻት። የመጀመሪያውን ዙር አለፈች፤ የቀረው ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ ማጣራቱ ብቻ ነበር።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ኦቦ ገመቹ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ጎንበስ ብለው ገቡና ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። ለነገሩ የሚታይ ዕቃ አልነበረም፤ ማጣራቱ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ግን ሕጉ ነውና መጠየቅ ያለባቸውን ጠየቁ፤ «የሚረዳዎት ሰው አለ?» ይቺ ሴትዮ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ወልጄ የለም እንዴ» አለቻቸው። «ዱከም ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ አለኝ። ከራሱ አፍ ነጥቆ ነው የሚልክልኝ።» ኦቦ ገመቹ ምን ያድርጉ፤ ያለቻቸውን ጽፈው ወጡ። በኋላ ሚልካ «ምነው እትዬ፣ ምን ነካዎት?» ብላ ብትጨቀጭቃት «ታዲያ ልጄን በሰው ፊት ላዋርደው?» አለች አሉ። እንዲህ ያለም ነገር አለ።

ሰይፈሚካኤል ደግሞ ምንም አይልክም። ክፉ ልጅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ይቀል ነበር። ሥራ የገባ ሰሞን ይልክ ነበር። ከዚያ አገባ፣ ልጅ መጣ፣ አከራዩ ኪራይ ጨመረበት። አንድ ወር ዘለለና «በሚቀጥለው ደርቤ እልካለሁ» አለ። የሚደርበው ሲያጣ ያኛውንም ዘለለ። ከዚያ ወዲያ ባዶ እጁን መደወል አሳፈረው። እናትን «እንዴት ነሽ» ብሎ ሌላ የሚሉት ማጣት ከባድ ነው፤ እሱም መደወሉን ጭራሽ ተወው። እሷም አንድ ቀን «ምነው ጠፋህ» አላለችውም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ቅሬታ የሚሰማው ቅዳሜ ነው» አለችው ሚልካ። «ቅዳሜ ካለፈ ቦታቸው ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚከፈት ጌታ ነው የሚያውቀው። እኔ ብናገር የጎረቤት ወሬ ነው የሚሉኝ። አንተ ራስህ ና፣ አልልክላትም በላቸው። ከዚያ በላይ ምስክር የለም።»

«በሰው ሁሉ ፊት?»

«በሰው ሁሉ ፊት። ወይስ ምን በልተው እንደሚያድሩ ልንገርህ?»

አትንገሪኝ ለማለት አፈረ። «እመጣለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው፤ ያዘዘውም ምሳ ሳይነካ ቀረ።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሣ። ሰው አገሩ ሲገባ ደኅና ልብስ ይለብሳል፤ እሱም ለሠርጉ ያሰፋትን ኮት አስተኩሶ ለበሰ፣ ለክት ያስቀመጣትን ጫማ አደረገ። የት እንደሚሄድና ምን ሊል እንደሚሄድ አላሰበውም፤ እናቱ ጋ መሄዱን ብቻ ነው ያሰበው። ሚኒባሱ ሞጆን አልፎ የአዳማ ሙቀት በመስኮት ሲገባ ኮቷ ታፍነው ጀመር፣ ቢሆንም አላወለቃትም።

እናቱ በሩ ላይ አየችውና «ሰይፌ፣ የኔ ጌታ» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እቅፉ ውስጥ ምንም አልሞላችም፤ ሰውነቷ አልቋል። ወዲያው ተፍ ተፍ ማለት ጀመረች፣ የምትሠራለትን ፍለጋ። አንዱን ዕቃ ከፈተች፣ ከደነች፤ ሌላውን ከፈተች፣ ከደነች። «በልቼ ነው የመጣሁት» አላት እንድትቀመጥለት። ይኼን ጊዜ ሚልካ በእጇ ሳህን ይዛ፣ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ እንደ ወትሮዋ ሳታንኳኳ ገባች። እሱን ስታይ ደንገጥ አለች። ሳህኑን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆየችና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣው ወጣች። በሳህኑ ላይ በሌላ ሳህን የተከደነ እንጀራ በሽሮ ነበር፤ የአንድ ሰው ምሳ።

«እማዬ» አላት፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ፤ «ዛሬ እዚያ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ።»

«የቱን እውነት?»

«እንደማልልክልሽ።»

ነጠላዋን አንሥታ አጣፋች። «ተነሥ እንሂድ» አለች፤ «ከረፈደ መቀመጫ አይገኝም።»

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። የዕድሩ ሰው፣ የሠፈሩ ሰው፣ እሱን በሕፃንነቱ አፍንጫውን የጠረጉት ሴቶች ሁሉ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ወደሱ እየዞረ «ሰይፌ ነህ እንዴ? ወፈርክሳ» ይለዋል። የእናቱ ስም ሲጠራ ብድግ አለ፤ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«የወይዘሮ አሰለፈች ልጅ ነኝ» አለ። «እናቴ ልጄ ይረዳኛል ብላችኋለች። አልረዳትም። ከላክሁላት ቆይቻለሁ። የሚጦራት ሰው የለም።»

ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አወለቁና መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ ኮቱን፣ በመጨረሻ ፊቱን አዩት።

«ሥራ አለህ?»

«አለኝ።»

«ደመወዝ ትበላለህ?»

«አዎ።»

«እናትህን ግን መንግሥት ይጡርልኝ ነው የምትለው።»

ከኋላ ሰዎች ሳቁ። ኦቦ ገመቹ አልሳቁም። «አየህ ልጄ፣ ልጆቻቸው መኪና የሚነዱ ሰዎች እዚህ መጥተው ጧሪ የለኝም ብለውናል። እሱንስ ለምደነዋል። ልጁ ራሱ ለባብሶ መጥቶ አልጦርም ሲለን ግን ገና ዛሬ አየን። እሺ፣ አለመላክህን በምን ታስረዳለህ?»

«ያልላክሁትን በምን ላስረዳ?» አለ። ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ውርደቱ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ቀለል ብሎታል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከመውን ተናግሮታል። ይስቁበት ግዴለም፤ እናቱን ብቻ ይመልሷት።

ይኼኔ ነው እሷ አግዳሚውን ተደግፋ የተነሣችው።

«ኦቦ ገመቹ፣ አይስሙት» አለች። ድምጿ እንኳን የታመመ፣ የደከመው ሰው ድምፅ አይመስልም። «ልጄ ተቸግሮ ነው። ሚስት አለው፣ ሕፃን አለው። እኔ ድጋፍ ካገኘሁ እሱ ትንሽ ይተነፍሳል ብሎ ነው እንጂ አንድ ወር አጉድሎብኝ አያውቅም። ይኼን ነጠላ የገዛልኝ እሱ ነው። ለኔ ሲል የገዛ ስሙን ሲያጠፋ ቁጭ ብዬ አላይም። ጧሪ ለሌላት ስጡት። እኔ ልጅ አለኝ።»

ነጠላውን የሰጠቻት ሚልካ ነበረች። ኦቦ ገመቹ ደግሞ ወደሷው ዞሩ። «ሚልካ፣ አጥር ለአጥር ናችሁ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሚልካ መዋሸት አይሆንላትም፤ ሠፈሩ በዚህ ያውቃታል። ተነሣችና ወይዘሮ አሰለፈችን አየቻት። ሚልካ ዓይኗ ውኃ ሞላ። «እሳቸው ከተናገሩት አልፌ አልናገርም» ብላ ተቀመጠች።

አሁን የቀረው ሰይፈሚካኤል ነው። እናቴ ዋሽታለች ማለት አለበት፣ እዚያው፣ በዕድርተኞቿ ፊት። አፉን ከፈተ። እናቱ ቀና ብላ ታየዋለች። በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት «እንዲህ ያለውን ልጅ ለሁላችን ይስጠን» አሉ። ሌላውም «አሜን» አለ። «ተባረክ» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ሲመጣ፣ ለማንም የማይነግረው ነገር ሆነ፤ ደስ አለው። ያልሠራው ደግነት ደስ አለው። አፉን ዘጋና ተቀመጠ። ደግሞ ብድግ ብሎ መናገር ይችል ነበር፤ ማንም አልያዘውም። በዚህ ነው እስከዛሬ ራሱን ይቅር ያላለው።

ኦቦ ገመቹ ከመድረኩ ወርደው እጁን ጨበጡት። «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ፣ ክፉ ልጅ መስለኸኝ ነበር» አሉት። የእናቱ ቦታ ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተሰጠ፣ አዳራሹም አጨበጨበ። ለሽማግሌው አዘነላቸው እንጂ አልተቀየማቸውም፤ እሳቸው ምን አደረጉ።

ወጥተው ጥላ ጥላውን ሲሄዱ እናቱ ክንዱን ይዛ ነበር። ብዙም ሳይርቁ ቆመ።

«ለምንድነው እማዬ? የምትበይውን እኮ ነው የጣልሽው።»

«እነሱ ጋ ነው የምውለው» አለች። «ስታመም የሚጠይቁኝ፣ ስሞት የሚያነሡኝ እነሱ ናቸው። አንሶላ አጥቤ ያሳደግሁት ልጅ ጣለኝ ብዬ በምን ዓይኔ ልያቸው?»

«ታዲያ ምን ትበያለሽ?»

«አንተ እያለህልኝ?»

ቀልዷን ይሁን የምሯን አልገባውም። ፊቷን ቢያየው የሚነበብ ነገር አጣበት፤ ደግሞ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረውም። እዚያው መንገድ ላይ፣ በፀሐዩ፣ አልቅስ አልቅስ አለው።

ከኋላቸው አንዲት ሴት ቆይ ቆይ እያለች ደረሰችባቸው። አዴ ሱሃይላ ናት፣ የታችኛው መንደር ሰው፤ አዳራሹ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ትንፋሿ እስኪመለስ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ልጄ፣ የኔም ልጅ ኢሊያስ እዚያው ዱከም ነው ያለው» አለችው። «ደመወዝ ይበላል፤ ግን ረስቶኛል። እኔ ብመክረው የእናት ነገር ንዝንዝ ነው የሚመስለው። አንተ እኩያው ነህ። አግኘውና እናት እንዴት እንደሚያዝ ንገረው።»

ሰይፈሚካኤል እናቱን አየ። «ይነግረዋል» አለች እናቱ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፤ «ምን ችግር አለው፣ ቁጥሩን ስጪው።»

ስልኩን አወጣ። አዴ ሱሃይላ ቁጥሩን ቀስ እያለች ነገረችው፣ እሱም መዘገበ።

«እሺ አዴ፣ እነግረዋለሁ» አላት። እናቱን እንደሚጦር ሰው ሆኖ ነው የተናገረው፤ ድምፁም ትንሽ እንኳን አልተደናቀፈም።