ክብደቱ የት ሄደ?

የዕቃ ማንሻ መኪናችን አዛውንት ሹፌር፣ አጎት ለማለት ዓም የምንላቸው ላዝሃር፣ በአዲሱ ባትሪ በርሜል አላነሳም ሲሉ፣ የዘይት መጋዘናችን ኃላፊ ራውዳ እርጅና ያመጣው ፍርሃት መሰላት። ባትሪውን ለማንሻው መኪና፣ ለፎርክሊፍቱ፣ ያስገዛችው ራሷ ነበረች። ዘይታችንን ሊወስድ ስፋክስ ወደብ የቆመው መርከብ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል፤ ካመለጠ ጥፋቱ የእሷ ነው።

"ሁለቱም አርባ ስምንት ቮልት ናቸው፣ ዓም ላዝሃር" አለች። "ይቺኛዋ ሊቲየም ናት፤ ውሃ ጨምሩልኝ እንኳን አትልም።"

"አትልም፣ ጨዋ ናት። ክብደቷ ስንት ነው?"

"አራት መቶ ኪሎ።"

"አሮጌው የእርሳስ ባትሪ ከሺህ ኪሎ በላይ ነበር። ሥራው ኃይል መስጠት ብቻ መሰለሽ? ከፊት ስንሸከም ከኋላ የሚይዘን እሱ እኮ ነው። ሚስቴ እንኳ እንደሱ ይዛኝ አታውቅም።"

"ታዲያ ዝም ብዬ ልመንዎት?"

"አትመኚኝ። ዝቅ በይና ጎማውን እዪ።"

ዓም ላዝሃር ሊያሳዩአት አራት በርሜሎችን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ አነሱ። የኋላ ጎማዎቹ ወለሉን ለቀቁ። ቀስ ብለው አወረዱና ቁልፉን ነቀሉ።

አሮጌው ባትሪ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዘይቱም መርከቡ ሳይሄድ ደረሰ። በማግስቱ ራውዳ ከአዲሱ ባትሪ ሥር የሚገባ የክብደት ብረት እንዲልክ ለሻጩ ጻፈች።