ጥላ የማይስማማት መኪና

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ጡረታ ሲወጣ አርፎ ይቀመጣል። ይሄኛው ሹፌር ግን መቼ ሊቀመጥ! ከወዳደቀ ብረት መኪና ቢጤ በየደና በፀሐይ ኃይል እንድትሄድ ጣሪያዋን በሶላር ሸፈነው። ጎረቤቱ «ባለጎማዋ ጠረጴዛ» ብሎ ስም አወጣላት።

ታርጋ ሊጠይቅ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ሲቀርብ፣ ኃላፊው ስቆ ስቆ ሲያበቃ አንድ ነገር አለው። መኪናዋ ከቤቱ ተነሥታ እዚህ ድረስ፣ ቢሮ ሳይዘጋ፣ በራሷ ኃይል ትምጣ፤ አንዴ የመጎተቻ ገመድ ከነካት ግን ታርጋ የሚባል ነገር የለም። ለምስክርነት የሹፌሩ ሚስት ወንድም፣ መካኒኩ፣ በፒክአፕ ሊከተለው ተስማማ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሡ። እኩለ ቀን ላይ መቶ ሃምሳውን ጨርሰው ነበር፤ ባትሪው ግን ተሟጧል። በቀትር ፀሐይ እስኪሞላ ምሳ ሊበሉ ቆሙ። የት ቆሙ? ትልቅ ዛፍ ሥር! ሠላሳ ዓመት ሞተር እንዳይግል ጥላ ሲፈልግ የኖረ እጅ፣ ጌታውን ሳያማክር መሪውን አዞረ። ሹፌሩ በልቶ ሸለብ አድርጎት ሲነቃ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ የባትሪው ቆጣሪ እዚያው ከታች ተኝቷል። በገዛ እጁ ጉድ ሆነ፤ ራሱን ሊመታ ምንም አልቀረው።

መካኒኩ ገመዱን ይዞ መጣ።

«ከተማው ሲቀርበን እፈታዋለሁ» አለው። «ማን ያየናል?»

«አንተ ታያለህ፤ እኔም አያለሁ። መልሰው።»

ሹፌሩ ሸሚዙን አውልቆ ብቻውን እየገፋ ከጥላው አወጣት። መካኒኩ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። እሱ ግን ከመኪናዋ አጠገብ፣ አናቱ እስኪግል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመ። እሷ የምትችለው እኔን አያቅተኝም አለ። ከዚያ አስነሥቶ ቀስ እያለ ነዳት፤ ዳገት ላይ አህያ የጫነ ሰው ሳይቀር አልፎት ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ደረሰ። ኃላፊው በር ላይ ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ወደ መካኒኩ ዞሮ ስለ ገመዱ ጠየቀው።

«እንደተጠቀለለ ነው» አለ መካኒኩ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ኃላፊው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት፤ አሁን አልሳቀም። ከዚያ በአክብሮት የራሱ መኪና የቆመችበትን ጥላ አሳየውና፣ እሷን አስወጥቶ ቦታውን ሊለቅለት እንደሆነ ነገረው።

ሹፌሩ ከመሪው እጁን አላነሣም።

«ጥላው ለእርስዎ ይሁን» አለ። «የኔን ታርጋ እዚሁ ፀሐይ ላይ ይሥሩልኝ።»