አርባኛው ስፒል

ሠላሳ ዘጠኝ፣ እንደገና ሠላሳ ዘጠኝ፣ ከቆርቆሮው አንድ በአንድ ስታወጣቸውም ሠላሳ ዘጠኝ፣ ምንጣፉ ላይ በአሥር በአሥር ስትደረድራቸውም የመጨረሻው ረድፍ እንደ ወላቃ አፍ ጎደሎ ነው፣ አርባ ነበሩ፣ አርባ መሆናቸውን እንደ ስሟ ታውቃለች፣ የላዩን ጨርቅ፣ የመሃሉን ጥጥ፣ የታቹን ገበር ደራርባ ስታያይዝ ድምፅ አውጥታ ነው የሰካቻቸው፣ ቆጥረሽ ያልሰካሽውን ቆጥረሽ አትነቅዪም ትላት ነበር ልብስ ሰፊዋ አሠሪዋ፣ ያኔ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ የሰው ቀሚስ ውስጥ ስፒል ከምትረሺ ራትሽን እሳት ላይ ብትረሺ ይሻላል፣ ትል ነበር፣ ሴትየዋ ስትሞት ቆርቆሮው ከነስፒሉ ለእሷ ቀረ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጠፍቶባት አያውቅም።

ዛሬ ጠፋባት።

ሶፋው ሥር የለም፣ ጥራጊው ውስጥ የለም፣ የክር ቅርጫቱን ገልብጣዋለች የለም፣ የቀሚሷን ጠርዝ ዳብሳለች፣ አፏን ሳይቀር በጣቷ ፈትሻለች፣ ሲቸኩላት ስፒል በከንፈሯ መያዝ ክፉ ልማዷ ነው፣ ምናለ በዋጥኩት፣ ምናለ አሁን ሆዴ ውስጥ በሆነ፣ ተመስገን ብዬ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር። የቀረው አንድ ቦታ ነው። እሱን ማሰብ አትፈልግም፣ ዓይኗ ግን ከእሱ ሌላ የሚያየው የለም፣ ለልጅ ልጇ የሰፋችው ብርድ ልብስ፣ ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል፣ ጠርዙ ዛሬ ጠዋት ተሰፍቶ ያለቀ፣ አብጦ ያማረ።

ዘጠና ስድስት ቁራጭ፣ የአራት ወር ሥራ፣ የባሏ የሹፌርነት ሸሚዝ አለበት፣ የልጇ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም አለበት፣ የድሮው ቤት መጋረጃ አለበት፣ እነዚያ ሁለት ቢጫ እጀ ጠባቦች ግን የሉበትም፣ ልጇ ከዚህችኛዋ ሕፃን በፊት ለወረዱባት ለሁለቱ የገዛቻቸው፣ መቀሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፣ እጇ አልደፈረም። ከሁለት ሐዘን በኋላ የመጣች ልጅ፣ ገና አምስት ሳምንቷ፣ ቤቱ ሁሉ በጫፍ እግሩ ነው የሚሄደው፣ በሩ እንኳ ሲዘጋ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል፣ እና እኔ ለእሷ በሰፋሁት ውስጥ ስፒል ቀበርኩ፣ በገዛ እጄ፣ በመነጽር።

ቀጭኑን ብትገዛ ኖሮ።

ጥጥ ነጋዴው ነግሯት ነበር፣ ሁለቱን ጥቅል ባንኮው ላይ ዘርግቶ፣ እትዬ፣ ለጨቅላ ከሆነ ይሄን ቀጭኑን ይውሰዱ፣ ንጹሕ ጥጥ ነው፣ አይሞቃትም አይበርዳትም፣ ሲታጠብም አይጓጎልም፣ ይሄኛው ወፍራሙ ፋይበር ነው፣ ለዓይን ያምራል እንጂ የገባበትን አይመልስም፣ ባለፈው መነጽሬን ውጦብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኛ ስሰድብ ሰነበትኩ። ሳቀች። በእጇ ዳበሰችው፣ ቀጭኑ እውነተኛ ነበር፣ ከሥሩ ያለው የባንኮ ሚስማር ሳይቀር ለጣቷ ይታወቃታል፣ ወፍራሙ ግን ጨቁነው ሲለቁት ተመልሶ ይነፋል፣ ወፍራሙን ይቁረጡልኝ አለች፣ ለምን፣ ለምን እንደሆነማ ታውቃለች፣ የልጇ አማት ናት፣ ልጇ ስትወልድ ሆስፒታል ድረስ ገና ከሱቅ የወጣ ብርድ ልብስ ይዛ መጥታ፣ እንደ ሊጥ የተነፋ፣ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ የምታያይዘውን ቁርጥራጭ በሁለት ጣቷ አንስታ፣ ውይ እህቴ፣ ድሪቶ እየሰፋሽላት ነው እንዴ፣ አይ የድሮ ሰው፣ ብላ በፍቅር ሳቀች፣ በክፋት አልነበረም፣ ክፋት ቢሆንማ ይቀል ነበር። የኔ ከእሷ ይበልጥ ይነፋል አልኩ። በልቤ አልኩ። ሌላ ሰው አልሰማም ብዬ፣ አንተ ግን ሰምተሃል።

ጌታ ሆይ፣ ትዕቢቴን በእኔ ላይ ቁጠረው፣ በሕፃኗ አይሁን።

የፍሪጁን ማግኔት ነቅላ አምጥታለች፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጎትታዋለች፣ ምንም፣ ምን ሊይዝ፣ የአሠሪዋ ስፒሎች የነሐስ ናቸው፣ አይዝጉም ብላ ስትመካባቸው ኖራለች፣ ማግኔት ደግሞ ነሐስን አያውቀውም። በመዳፏ ትጫናለች፣ ሸሚዙ ላይ፣ ዩኒፎርሙ ላይ፣ በጉንጯ፣ በክንዷ ውስጠኛው ስስ ቆዳ፣ ጫማዋን አውልቃ ትተኛበታለች፣ አንድ አያት ጠዋት በአራት ሰዓት ሳሎን መሃል እንደ አህያ ትንከባለላለች፣ ምንም አይወጋትም፣ ወፍራም ነዋ፣ የገባበትን አይመልስም፣ ዛሬ አይወጋም ነገም አይወጋም፣ ታጥቦ ታጥቦ በሦስተኛው ወር ቀስ ብሎ እየተሳበ ይመጣል፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ቁርጠት ነው ይላሉ፣ ያገላብጧታል፣ ጀርባዋን ይመቷታል፣ እዚያው ላይ መልሰው ያስተኟታል።

ምን ትቆፍሪያለሽ አንቺ ሴት? ባሏ ነው፣ በሩ ላይ፣ ጋዜጣ በእጁ። ምንም። ምንምሽን አውቀዋለሁ እኮ፣ ፍሬን እንደሌለው መኪና ነው፣ መጨረሻው ግንብ ነው። ሂድ ወዲያ፣ ክር ጠፍቶብኝ ነው። ክር ተብሎ እንዲህ ይላባል? ይሄዳል። ለሱ ብትነግረው ልጁን ጮሆ ይጠራል፣ ልጇ ደግሞ ያ ፊቷ ይመጣል፣ ሁለቴ ያየችው፣ የሆስፒታሉን ኮሪደር ግድግዳ ተደግፋ፣ ከንፈሯ ነጭ። ያን ፊት ሦስተኛ ጊዜ ማየት አልችልም። አላለቀም ልበል፣ ሳምንት እልክላችኋለሁ ልበል፣ ውሸት ነው፣ ደግሞ ማን ያምነኛል፣ ያለቀ ነገር ያለቀ ይመስላል። መተርተር፣ አራት ወር፣ ዓይኔስ ዳግመኛ ይችላል? ወይስ ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ? ምናልባት ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ። ሰው ይሳሳታል። ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ ብል ማን ይከሰኛል፣ ኧረ በስመ አብ፣ ይሄ የኔ ሐሳብ አይደለም።

እማ! አለቀልሽ? ልጇ ናት፣ ከጓዳው፣ ዛሬ ወደ ቤቷ የምትመለሰው።

ሊያልቅ ነው የኔ እናት።

በይ ቶሎ፣ ባሌ መታጠፊያው ጋ ደርሻለሁ አለኝ፣ ልጠቅልላትና እንውጣ።

የመተርተሪያውን ምላጭ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፣ ኮቴ ይሰማታል፣ ልጇ ሕፃኗን ታቅፋ ገባች፣ ውይ እማ! ይሄን ነው ሊያልቅ ነው የምትዪኝ? እንዴት ያምራል፣ ዩኒፎርሜ! እያለች እየሳቀች ጎንበስ ትላለች፣ ሕፃኗን ልታስተኛ፣ እዚያ ላይ፣ ተይ በይ፣ ተይ በያት፣ ምላሷ እንደ እንጨት ሆኗል፣ ስፒል የዋጠች ይመስል፣ እጆቿ ናቸው የቀደሙት፣ በጉልበቷ ተንፏቅቃ ሁለት መዳፏን ከሕፃኗ ጀርባ ሥር ትሰዳለች፣ የሕፃኗ ክብደት መዳፏ ላይ ያርፋል፣ ሙቅ፣ ትንሽ፣ እምነት ብቻ።

እማ? ምን ሆነሽ ነው?

አንሺያት።

እማ!

አንሺያት አልኩሽ፣ ስፒል ጠፍቶብኛል፣ ውስጡ ነው፣ ወፍራሙን ጥጥ ገዝቼ፣ ለይምሰል ብዬ፣ አንሺያት ልጄ።

ልጇ ታነሳታለች። ያ ፊት ይመጣል። መጣ። ሕፃኗን ሶፋው ላይ ትፈታታለች፣ ጀርባዋን፣ ብብቷን፣ የአንገቷን እጥፋት፣ የእግር ጣቶቿን መሃል፣ ሕፃኗ ብርዱ ነክቷት ትጮሃለች፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም እማ፣ መቼ ነው ያወቅሽው? ጠዋት። ጠዋት አውቀሽ ሊያልቅ ነው ትዪኛለሽ? ውጭ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ተይው በቃ፣ አንጠቀምበትም፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ትላለች ልጇ፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ደግነት ነው፣ እንደ ቅጣት የሚያቃጥል ደግነት። ቁም ሣጥን ይከፈታል ልጄ፣ እንግዳ ያነሳዋል፣ ልጅ ሲያድግ ይጎትተዋል።

ምላጩ በባሏ ሸሚዝ ዳር ይገባል። ትርርር። የጠዋቱ ጠርዝ ሄደ፣ የትናንቱ ረድፍ ሄደ፣ ነጩ ፋይበር ከተሰነጠቀው ወጥቶ ጉልበቷ ላይ ያብጣል፣ ጓንት አድርጊ፣ በማንኪያ ፈልጊው ትላታለች ልጇ ከበላይዋ፣ አይ፣ ማንኪያ አያውቀውም፣ ሥጋ ነው የሚያውቀው፣ አንድ ጭብጥ ታወጣና በባዶ መዳፏ እስኪያማት ትጨብጣለች፣ ምንም፣ ወደ ጎን ታኖረዋለች፣ ሌላ ጭብጥ፣ በሙሉ ኃይሏ፣ ምንም፣ መኪናው ጥሩምባውን ይደግማል፣ ይጠብቅ፣ ሁሉም ይጠብቅ፣ ሌላ፣ እኔን፣ ጌታዬ፣ እኔን ይውጋኝ፣ እባክህ አሁን ይውጋኝ፣ ሌላ