ከኔፕቱን ወዲያ ያለች ነጥብ

«እንዲህ ያለ ጭንቅላት አፈር ይብላው?» አሉ አንዲት ጎረቤት እንባቸውን እየጠረጉ። «አንተስ ልጄ፣ ምን ነበር የምትሠራው?»

«እሷ የምትሠራውን» አለ የሟች ታናሽ ወንድም።

እውነቱን ነው። እህትና ወንድም በአንድ ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከኔፕቱን ወዲያ የሚዞሩ ትናንሽ የበረዶ አካላትን ምህዋር ያሰሉ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ግን የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። ከቀብሩ ወዲህ እሷ በተወደሰች ቁጥር እርር ድብን ይላል። በሞተ ሰው ይቀናል እንዴ? ራሱን ታዘበው፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀውም።

የመጨረሻው ጠባቸውም በአንዲት የበረዶ አካል ምክንያት ነበር። ከተገኘች በኋላ ለዓመታት ያያት ስለሌለ፣ የት እንደደረሰች የሚታወቀው በስሌት ብቻ ነው። እሱ የሰማይ ካርታው ላይ፣ ትገኛለች ባለበት ቦታ፣ አረንጓዴ ሳጥን ሣለ። እሷ ቀይ ሳጥኗን ራቅ አድርጋ ሣለችና ሳቀችበት።

«የኔ ጌታ፣ ያንተዋ በረዶ በአቋራጭ መጥታ ነው?»

አኮረፋት። ካርታውን ስም ሳይጽፉበት ፎቶ እንዲያነሳላቸው ለቴሌስኮፑ ሠራተኛ ላኩለት። ተራቸው ሳይደርስ፣ እሱም ኩርፊያውን ሳይተው፣ ድንገት ታማ ሞተች።

አሁን፣ ለቅሶው መሃል፣ ፎቶው ከነሳጥኖቹ ስልኩ ላይ ገባ። አረንጓዴው ሳጥን ውስጥ ምንም የለም። ቀዩ ውስጥ፣ መሃል ላይ፣ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አለች።

«ሞተሽም አትተዪኝም?» አለ በሆዱ።

የቢሮው አለቃ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ፎቶው መጣ አሉኝ። የማንኛችሁ ልክ ሆነ?»

የትኛው ሳጥን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ከእሱ በቀር የለም። «የኔ» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ማን ሊናደድለት? እሷ የማትበሳጭበት ድል ምን ሊያደርግለት?

«የሷ» አለ።

ሳሎኑ እንደገና አደነቃት፤ እሱም እንደገና አረረ። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉት።

«የትኛዋ ናት?»

«ይቺውልሽ፣ እማዬ።»

ነጥቧን ብዙ አዩዋት። ከዚያ ቀና አሉ። «ያንተስ?»

ከመጣው ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሳጥን የጠየቀ አልነበረም።

«የኔ ይሄ ነው። ባዶ ነው።»

እናቱ ባዶውን ሳጥን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ይሄ ነበር፤ ከእህቱ ይልቅ እሱን እንዲያዩት። የእናቱን ጣት ቀስ ብሎ ያዘና ወደ ነጥቧ ወሰደው።